በሕፃን እርምጃ አገር ስለ ማየት

አገርን መጎብኘት አእምሮን ያሰፋል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ነገሩም እውነት ነው። ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የሰፈሩን ልማድ የዓለም ሁሉ ሕግ አድርጎ ይገምታል፤ ወጥቶ የተመለከተ ግን ሌላውም ሕዝብ እንደ እርሱ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ሽማግሌ አክብሮ የሚኖር መሆኑን ያስተውላል። ሆኖም ብዙ ማየትና አስተውሎ ማየት የተለያዩ መሆናቸውን እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአራት ዓመት ልጄ ነው። ትምህርቱን ያገኘሁት በገዛ ጥፋቴ ስለ ሆነ መናገሩ ያሳፍራል፤ ነገር ግን አንድ ሰው የወደቀበትን ጉድጓድ ለሚከተለው መንገደኛ ማሳየት ይገባዋልና፣ ለእናንተ ለወጣቶቹ እጽፈዋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሐረርን ለማየት ተነሣን። ወንዱ ልጅ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሴቲቱ አንድ ዓመት ተኩል ሆኗት፣ መራመድ ከጀመረች ገና ብዙ አልቆየችም። ዘመዶቻችን «ሕፃናት ይዛችሁ ምን ልታዩ ነው? ጥቂት ቢያድጉ አይሻልም ወይ?» ብለው ነበር። እኔ ግን «ልጅ የአገሩን ታሪክ ከጡት ጋር መማር አለበት» እያልሁ ተከራከርሁ። ቃሉ ያማረ ነበር፤ ልቤን ብመረምረው ኖሮ ግን ሌላ ነገር አገኝበት ነበር። እኔ ራሴ ለማየት የጓጓሁትን በልጆቼ ስም አመካኘሁ፤ ደግሞም «ልጄ በአራት ዓመቱ ሐረርን አየ» ብዬ በሰው ፊት ለመናገር እመኝ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ብዙ አንብቤ፣ ማየት የሚገባንን 12 ቦታዎች በደብተሬ መዘገብሁ። ከተማይቱን የከበበውን የጀጎልን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት፣ ዙሪያውም ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንደሚሆን አውቅ ነበር። በዚያ ቅጥር ውስጥ 82 መስጊዶችና ከ100 የሚበልጡ የወሊዮች መታሰቢያዎች እንዳሉ፣ አምስት ጥንታውያን በሮች እንዳሏትና ስድስተኛው በኋላ ዘመን እንደ ተከፈተ ተምሬያለሁ። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1847 ዓ.ም. እንደ ገባባት፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሥራ መጥቶ እንደ ተቀመጠባት፣ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ግዛት ሥር እንደ ገባች፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ እንደ ተጻፈ፣ ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤው ነበር። ልጄ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። እርሱ ወደ ሐረር የመጣው አባቱ ና ስላለው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጧት በሁለት ሰዓት በሸዋ በር በኩል ገባን። በበሩ አጠገብ ያለው ገበያ ከወዲሁ ሞልቶ ነበር። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች፣ አትክልት ዘርግተው የተቀመጡ ነጋዴዎች፣ ጭነት ያጎበጣቸው አህዮች፣ ጥሩምባቸውን የሚነፉ ባጃጆች አንድ ላይ ይጋፉ ነበር። በዚያ ግፊያ መካከል ትልቅ ሰው የሰውን ፊትና የበሩን ጫፍ ያያል። ሁለት ክንድ ቁመት ያለው ልጅ ግን የሚያየው ጉልበትና ዘንቢል፣ የአህያ ሆድና የቀሚስ ጠርዝ ብቻ ነው። ይህን ያን ጊዜ አላሰብሁትም፤ እጁን ይዤ ወደ ፊት እጎትተው ነበር።

እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አራት ቦታዎች አየን። ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ያለውን የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት አየን፤ ቀጥሎም የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው፣ አሁን የድሮ ገንዘብና የብራና መጻሕፍት ወደሚታዩበት ቤተ መዘክር ገባን። እኔ ስለ ብራናው አስረዳለሁ፤ ልጄ ግን የእንጨቱን ደረጃ እየወጣ እየወረደ ይቆጥራል። «ና ይህን ተመልከት» ስለው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያይና ወደ ደረጃው ይመለሳል። እኔም «ይህ ልጅ ምንም አልገባውም» ብዬ ተበሳጨሁ።

ባለቤቴ ትንሿን በአንቀልባ አዝላ፣ የልብስና የምግብ ቦርሳውንም በእጅዋ ይዛ ትከተለን ነበር። እኔ የያዝሁት ደብተሬንና ስልኬን ብቻ ነው። «ልጁ ደክሞታል፤ እስቲ አንድ ጥላ ያለበት እንቀመጥ» አለችኝ። ስምንት ቦታዎች ቀርተው ሳለ እኔ «ጥቂት ብቻ ነው የቀረን» አልኋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ጊርጊር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ቀለማቸው ያማረ ጨርቆች በየበሩ ተሰቅለው፣ ሰውና አህያ በአንድ ጊዜ ሲያልፉ መንገዱ ይዘጋል። ልጄ ከአንድ ሰፊ ፊት ለፊት ባለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና «አልሄድም» አለ። ባለቤቴ ለትንሿ ውሃ ለመግዛት ወደ ሱቅ ዞር ብላ ነበር። እጁን ጎተትሁት፤ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰው ሲያየኝ አፈርሁ፤ እፍረቱም ቶሎ ቁጣ ሆነ። «እንግዲያውስ እዚሁ ቅር! እኔ ሄጃለሁ» ብዬ እጁን ለቅቄ ሄድሁ።

ላስፈራራው ብዬ እንጂ ልተወው አስቤ አይደለም። ማዕዘኑን ታጥፌ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ እያለቀሰ እስኪመጣ ድረስ ለመቆም ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን ከማዕዘኑ ማዶ ጥሩ ሆኖ የተቀረጸ የጥንት የእንጨት በር አየሁ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶግራፍ አነሣሁት፤ ብርሃኑ አልተመቸኝምና ደግሜ አነሣሁት። ሁለት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ስመለስ ድንጋዩ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ለመናገር ያስቸግረኛል። ስሙን እየጠራሁ ወደ ላይ ሮጥሁ፤ ተመልሼ ወደ ታች ሮጥሁ። በጀጎል ውስጥ ጠባብ መንገዱ ሌላ ጠባብ መንገድ ይወልዳል፤ ከ300 የሚበልጡ መሆናቸውን በደብተሬ ጽፌ አድንቄ ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ልጄን የዋጠ ጉሮሮ መሰለኝ። ልብስ ሰፊው የሚሰፋውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር ትቶ ተነሣ። አቀርቅሮ ይሠራ ስለ ነበር ልጁ ሲሄድ አላየውም። «ወንድሜ፣ አትጩህ፤ ልጅ በጩኸት ይደነግጣል» አለኝና «ምን ለብሷል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ልጄ ምን እንደ ለበሰ አላወቅሁም። የግንቡን ዙሪያ አውቃለሁ፤ የመስጊዶቹን ቁጥር አውቃለሁ፤ በርተን የገባበትን ዘመን አውቃለሁ። ጧት ከእጄ ጀምሮ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በጎኔ የነበረውን የልጄን ሹራብ መልክ ግን ልናገር አልቻልሁም። በዚያ ሰዓት ባለቤቴ ውሃውን ይዛ ደረሰች። ፊቴን አይታ ሁሉንም ተረዳች። ምንም ሳትወቅሰኝ ለሰፊው «ቢጫ ሹራብ፣ ሰማያዊ ሱሪ፤ የግራ ጫማው ማሠሪያ የለውም» አለችው።

ሰፊውም ቃሉን ለጎረቤቱ በሐረሪኛ ተናገረ፤ ጎረቤቱ ለአንዲት ነጋዴ በኦሮምኛ አቀበላት፤ ሌላው በሶማልኛ፣ ሌላው በአማርኛ እያለ ወሬው በመንገዱ ውስጥ ከእኛ ይልቅ ፈጥኖ ሮጠ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይቆይ አንዲት የአሥር ዓመት ያህል ልጃገረድ እየሮጠች መጣችና በእጅዋ ጠራችን። በአንድ በር አስገብታ፣ አንድ ግቢ አሻግራ፣ ወደ አንድ ቤት አደረሰችን።

ልጄ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በወተት ይበላ ነበር። ለካስ የፍየል ግልገል አይቶ ሲከተል ነው ከግቢው የገባው። እኔን ባየ ጊዜ አላለቀሰም፤ ተነሥቶም አልሮጠም። «አባዬ፣ የት ጠፍተህ ነው?» አለኝ።

ተንበርክኬ አቀፍሁት። አሮጊቲቱ እስክጨርስ ጠብቀው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ልጁ ‹አባቴ ትቶኝ ሄደ› አለኝ። ልጄ፣ ለሕፃን በጨዋታም ቢሆን ትቼህ ሄድሁ አይባልም፤ እውነት ይመስለዋል» አሉኝ። እኔም እንደ ተከሳሽ «እናቴ፣ ሐረርን ሁሉ ለማየት ቸኩለን ነው» አልሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ሐረር የት ይሄዳል? ግንቡ ይኸው ስንት ዘመን ቆሟል። ይህ ልጅ ግን ለከርሞ እንዲህ ትንሽ ሆኖ አታገኘውም» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሳንቀመጥ እንድንሄድ አልፈቀዱልንም። እንዲህ ሆኖ፣ በደብተሬ ያልጻፍሁትን የሐረሪን ቤት አየሁ። ጊዲር ጋር የሚባለው ዋናው ክፍል በቀይ ቀለም የተቀቡ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል። አንዱ ከሌላው ከፍና ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ሰው የሚቀመጠው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ነው። ግድግዳው በሴቶች እጅ በተሰፉ የስፌት ዕቃዎች ተሞልቷል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቢታይ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለች ያስታውቃል ብለው አሮጊቲቱ አስረዱን። ትንሿ ልጄ ከአንቀልባዋ ወርዳ ከመደብ ወደ መደብ በጉልበቷ ትወጣና ትወርድ ጀመር፤ ቤቱ ለእርሷ ቁመት የተሠራ ይመስል ነበር። ወንዱም ስፌቶቹን ቆጠረ፤ መቁጠር የሚችለው እስከ አሥር ስለ ሆነ፣ አሥር ላይ ሲደርስ እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ጧት በቤተ መዘክሩ ደረጃ ላይ ሲቆጥር «ምንም አልገባውም» ያልሁት ልጅ ይህ ነው። ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ያልገባው እኔን ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ አላየንም። ልጆቹ ተኙ። ማታ ልጄን ከአልጋው ጫፍ አስቀምጬ «ዛሬ እጅህን መልቀቄ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ጥቂት አሰበና «እሺ። ነገ ግን አትልቀቅ» አለኝ። አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከዚያች ሌሊት በፊት በልጄ ዘንድ የነበረኝ ክብር ፍርሃት እንደ ነበረ፣ እውነተኛው ክብር የተጀመረው በዚያች ሌሊት እንደ ሆነ አምናለሁ።

በማግሥቱ ትንሿን እኔ አዘልኋት። ባለቤቴ እጅዋን እያወዛወዘች ስትሄድ፣ ትናንት ይህችው ሴት ሐረርን ከቦርሳ በቀር ሳታይ መዋሏን ተገነዘብሁ። ያን ቀን ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር በግንቡ ሥር ብቻ ለመሄድ ተስማማን፤ ፍጥነቱንም የሚወስነው ወንዱ ልጅ ሆነ። ትልቅ ሰው በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰውን መንገድ በሁለት ሰዓት ሄድነው። ጉንዳን አየን፤ ጆሮው የተቆረጠ አህያ አየን፤ ግንቡን በእጃችን ዳሰስን። በመካከሉ ልጄ ቆመና ከግንቡ ግርጌ ያለ አንድ ዝቅተኛ ቀዳዳ እያሳየኝ «ይህ የማን በር ነው?» አለኝ። እንደ እርሱ ጎንበስ ብዬ ተመለከትሁ። ጅቦች ማታ ማታ ገብተው የከተማውን ጥራጊ እንዲያነሡ የተተወላቸው መግቢያ ነበር። በቀደመው ቀን በዚያው ግንብ ሥር አልፌ ሳለ ዓይኔ ጫፉን እንጂ ግርጌውን አላየም።

«ለጅብ በር ሠሩለት?» ብሎ ልጄ እጅግ ሳቀ። እኔ ግን ቆሜ አሰብሁ። እነዚህ ሰዎች ጠላትን ለመከላከል ይህን የሚያህል ግንብ ገነቡ፤ ነገር ግን ሌላው አገር አሳድዶ የሚገድለውን አውሬ ጠባዩን አውቀው፣ ለእርሱም የሚያልፍበትን ልክ ከግንባቸው ቀንሰው ሰጡት። በቤታቸውም ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ዕድሜው መቀመጫ ሠሩለት። በእንዲህ ያለች ከተማ መካከል እኔ ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን ልክ አጥቼ፣ በእኔ እርምጃ ካልሄድህ ብዬ ትቼው ሄድሁ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ገና አባት ወይም እናት አልሆንህም ይሆናል። ነገር ግን ታናሽ ወንድም ወይም እኅት አለህ፤ ወይም የጎረቤት ልጅ ይዘህ እንድትወጣ ትታዘዛለህ። ያን ጊዜ ይህን አስብ። ሕፃን ብዙ ሰው ወዳለበት ስታወጣ የለበሰውን ልብስ አስተውለህ ተመልከት። የወላጁን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ከኪሱ አኑርለት። «ብንጠፋፋ ከቆምህበት አትንቀሳቀስ፤ እኔ እመጣለሁ» ብለህ አስተምረው፤ ደግሞም ቃልህን ጠብቅ። ለአንድ ጧት አንድ ቦታ ይበቃል። ፀሐይ ሲበረታ አሳርፈው፤ ሳይርበው አብላው፤ ሳይደክመው እዘለው። አንድ ነገር ቆሞ ሲያይ ከመጎተትህ በፊት ጎንበስ ብለህ ምን እንደሚያይ ተመልከት። ሸክሙንም ለእናትህ ወይም ለእኅትህ ብቻ አትተው።

ሌላም ነገር አለ። ጥንታዊ ከተማ የሙታን ዕቃ ማኖሪያ ብቻ አይደለችም፤ ሰው የሚኖርባት ቤት ናት። እኔ በዚያ ጧት በሮቹን በፎቶግራፍ ስሰበስብ ከበሮቹ በስተኋላ ማን እንዳለ አላሰብሁም ነበር። ልጄን የመለሱልኝ ግን ከእነዚያ በሮች በስተኋላ ያሉት ሰዎች ናቸው። ሰፊው ሥራውን ትቶ ስለ ጠፋበት ጊዜ ዋጋ ልሰጠው ብሞክር «ልጅ የአንድ ሰው ብቻ ነው ወይ?» ብሎ እጄን መለሰው።

ወደ አዲስ አበባ በተመለስን ጊዜ አያታቸው ወንዱን ልጅ «ሐረር ምን አየህ?» ብለው ጠየቁት። የጅብ በር፣ ጆሮው የተቆረጠ አህያ፣ ግልገልና ወተት የሰጡትን እማማ አየሁ አለ። ስለ መጥፋቱ ምንም አልተናገረም። እኔ ግን ዝም ማለት ከበደኝና እንደዚህ እንደ ጻፍሁላችሁ አድርጌ ለእናቴ ነገርኋቸው።

ደብተሬ አሁንም ከእኔ ጋር አለ። ከ12ቱ ቦታዎች ስምንቱ ምልክት ሳይደረግባቸው እንደ ተጻፉ ቀርተዋል። ልጄ ዛሬ ማንበብ ጀምሯል፤ ባለፈው ሰሞን ደብተሩን አግኝቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበና «አባዬ፣ እነዚህን መቼ ነው የምናያቸው?» አለኝ። «አንተ የወደድህ ቀን» አልሁት።